ግራጫው ረድፍ የማን ነው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈቶ ዓይኔ የሰው ሥራ ላይ ይውላል። ልጄ ሄለን ኮምፒውተር ላይ ገጽ የምትሠራ ናት፤ ልትጠይቀኝ ስትመጣም ሥራዋን አንጠልጥላ ነው የምትመጣው። እሷ ከተማውን አዳማ ትለዋለች፤ የኔ ምላስ ናዝሬት ላይ ቀርቷል፤ እንደዚያው ተቻችለን እንኖራለን። አንድ ቀን የመድኃኒት ቤት የዕቃ ዝርዝር ስትሠራ ወንበሬን ስቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ረድፎቹ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ግራጫ እየሆኑ ቁልቁል ወረዱ። ደነገጥኩ። የኔ ሥራ ነዋ!

«እያንዳንዱን በእጅሽ ነው የምትቀቢው?» አልኳት።

«እማዬ ደግሞ! በጃቫስክሪፕት አንድ መስመር እጽፋለሁ። ከረድፎቹ ውስጥ ጥንድ ቁጥር ላይ ያሉትን ምረጥና ግራጫ አድርጋቸው እለዋለሁ፤ በቃ።»

በቃ! እኔ ያንን ለማድረግ አንድ ሳምንት ቆሜ እውል ነበር። ወይ ጊዜ እያልኩ ስገረም የአንድ መድኃኒት ስም ጻፈችና የማይፈለጉት ረድፎች ተደበቁ። የቀሩት ተጠጋጉ፤ ሁለት ግራጫ ረድፎች ተከታትለው ቁጭ አሉ።

«ቁሚ! ቁሚ! አትንኪው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው እማዬ? ምን ሆንሽ?»

«ሁለት ግራጫ ተከተለ!»

«አዎ፣ የተደበቁትንም ስለሚቆጥራቸው ነው። የሚታዩትን ብቻ መርጦ እንደገና እንዲቀባ አደርገዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው።»

እውነትም ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ግን ከጎኗ ተነስቼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ሥራዋን ዘግታ «ንገሪኝ» አለችኝ። ለማንም በቅጡ ያላወራሁትን ያን ቀን ለእሷ አወራሁ። እነሆ ጽፌዋለሁ።

እዚሁ ናዝሬት ማተሚያ ቤት የገባሁት ደርግ ከመጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቤቱ ድሮ የአንድ ጣሊያናዊ ነበር፤ በኋላ ተወረሰ። መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ እርሳስ ፊደል በነጭ ጋዝ ማጠብ ነበር። ከዚያ ፊደሉን ወደየሳጥኑ መመለስ፤ ከዚያ ደግሞ መልቀም። ፊደል ለቃሚ ይባላል ሥራው። ከሁለት መቶ በላይ ትንንሽ ሳጥኖች ፊት ቆመሽ፣ ከሀ እስከ ፐ ከነዝርያቸው፣ አንድ በአንድ በጣትሽ እያነሳሽ፣ ገልብጠሽ ትደረድሪያለሽ። ገጹ ሲሞላ በብረት ፍሬም ይቆለፋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይታተማል። ደመወዙ ወር ሳይሞላው ያልቅ ነበር፤ ስለሱ ምን ላውራ።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ዘርጋው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱታቸው ቀለም ጠግቦ ብቻውን የሚቆም ሰው ነበሩ። ምስጋና የሚባል ነገር አያውቁም። ጥሩ ሠርተሽ ከሆነ ዝም ይላሉ፤ ካልሆነ ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ቁርስ በልተሻል?» ይላሉ። አንድ ገጽ ሲታተም መጀመሪያ አያነቡትም። ግድግዳ ላይ ሰክተው ወደ በሩ ይሄዱና ከሩቅ ያዩታል። ቀጥሎ ገልብጠው ያዩታል። ከዚያ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከቀኝ ወደ ግራ በረድፉ ላይ እየሳቡ «ይሄ መስመር የማን ነው?» ይላሉ። የማን እንደሆነ መልስ ካላገኙ ገጹ አይወጣም።

አንድ ጊዜ መቂ አካባቢ የምትሠራ ነርስ የበሽተኛ መዝገብ ልታሳትም መጣች። «ገጹ ሰፊ ነው፤ ከስሙ ተነስቼ መድኃኒቱ ጋ ስደርስ የሌላ ሰው መድኃኒት ላይ አርፋለሁ» አለችን። ጋሽ ዘርጋው ይሄ ነገር አልለቃቸው አለ። ዓይን ለምን ይንሸራተታል? የት ላይ ነው የሚንሸራተተው? ሠላሳ ስምና ሠላሳ ቁጥር ያለው ገጽ አሳተሙና የጥረዛ ክፍል ሴቶችን አንድ በአንድ እየጠሩ አስነበቡ። እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ እመዘግባለሁ። አብዛኞቹ የሚሳሳቱት ከመሃል በታች ነበር። ሁለተኛ ገጽ ላይ በየሁለተኛው ረድፍ ግራጫ አደረግንበት። ያው ሴቶች፣ ያው ቁጥር፤ ስህተቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። በየሦስተኛው ሞከርን፤ ግራ ገባቸው። ግራጫውን አጠቆርነው፤ ጽሑፉ ሰመጠ። አሳሳነው፤ አምፖል ሥር አልታይ አለ። እንዲያው ምን አለፋችሁ፣ ለሁለት ሳምንት ሥራችን ሁሉ ያ ሆነ። እኔም ያኔ ነው ሥራዬን የወደድኩት። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ያን ያህል እጓጓለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ግራጫውን እንዴት እንደምናወጣው ልንገራችሁ። ከወይራ እንጨት በእርሳስ ፊደሉ ቁመት ልክ የተላጉ ቀጫጭን ጣውላዎች አሠራን። እነሱን ተራርቀው እንዲቆለፉ አድርገን፣ ጥቁር ቀለም በነጭ አቅጥነን፣ መጀመሪያ ግራጫውን ብቻ እናትማለን። ሲደርቅ ወረቀቱ ተመልሶ ይገባና ጽሑፉ ይታተምበታል። ሁለቱ ልክ ለልክ ካልተገናኙ ግራጫው የፊደሉን ራስ ቆርጦ ያልፋል።

አለቃ ብዙ አየሁ። አንደኛው ቆጥቋጣ ነበር፤ ሌላው ለአምስት ወር ሻሸመኔ ላከኝና ረሳኝ። የማልረሳው ግን ቀይ ወዳዱን ነው። «ግራጫ የመሃል ሰፋሪ ቀለም ነው፤ ረድፉ ቀይ ይሁን፣ አብዮታዊ ይሁን!» አለ። ጋሽ ዘርጋው አልተከራከሩም። አንድ ገጽ በቀይ አሳትመው ቢሮው ወሰዱለትና «ጓድ፣ ሰባተኛውን ረድፍ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ» አሉት። ወደ መስኮት ወሰደው፣ አራቀው፣ አቀረበው፤ አልሆነለትም። «ግራጫውም ክፉ አይደለም» ብሎ መለሰልን።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በቆቃና በዓለም ጤና መካከል ከሐይቁ ውኃ የሚስብ አንድ የናፍጣ ፓምፕ ነበር። ሁለት የገበሬ ማኅበራት ይጋሩታል፤ የላዮቹና የታቾቹ ይባላሉ። ሁለቱም ሽንኩርት ያለማሉ። አንድ ቀን ለላዮቹ፣ አንድ ቀን ለታቾቹ ነበር ስምምነታቸው፤ ዛሬ የማን ተራ ነው በሚል ግን ጠብ አይጠፋም። አንድ የግብርና ሠራተኛ መጣና «የተራ ሰሌዳ ሥሩልኝ፤ ግን አብዛኛው ሰው አያነብም። ፓምፕ ጠባቂው ኦቦ ቱፋም አያነብም» አለን።

ጋሽ ዘርጋው ፈገግ አሉ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። «እንግዲያው ግራጫ የላዮቹ፣ ነጭ የታቾቹ» አሉ።

በየወሩ አዲስ ገጽ መሥራት ሊሆን ነው ብዬ ሳስብ ድንገት አንድ ነገር በራልኝ። የኛ ወር ሁሌም ሠላሳ ነው። ሠላሳ ጥንድ ነው። ቀን አንድ በግራጫ ከጀመረ ሠላሳ በነጭ ያልቃል፤ የሚቀጥለው ወር አንድም ተመልሶ በግራጫ ይጀምራል። እንግዲህ አንድ ጊዜ የቆለፍኩት ገጽ ዓመቱን ሙሉ ሊሠራ ነው! የወሩን ስም ብቻ ነቅሎ መተካት ነው። ፈረንጅ ወሩ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ እያለ ሲዘባረቅ ይህን ማድረግ አይችልም። እኔ ስንዱ ግን ቻልኩ። አለቃው ስሜን የምስጉን ሠራተኞች ሰሌዳ ላይ ለጠፈው፤ እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ ሆን ብዬ ቀስ እል ነበር።

ጋሽ ዘርጋው ብቻ «ጳጉሜስ?» አሉኝ።

«ከገጹ ራስ ለቀኖቿ የሚበቃውን ረድፍ አስቀርቼ ሌላውን አነሳዋለሁ።»

ዝም አሉ። ዝምታቸው ምስጋና ነው ብያለሁ፤ ደስ አለኝ።

ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜ ስድስት ሆነች፤ ስድስት ረድፍ አስቀረሁ። ምንም አልተፈጠረም። ኦቦ ቱፋ በየቀኑ አንድ ረድፍ ላይ በከሰል ነጥብ እያደረገ፣ ግራጫ ሲሆን ለላዮቹ፣ ነጭ ሲሆን ለታቾቹ ቦይ ይከፍታል። ጠቡ ጠፋ። የግብርናው ሰውዬ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት አስጭኖ አመጣልንና ማተሚያ ቤቱ በሙሉ ተከፋፈለ።

በሚቀጥለው ዓመት ጳጉሜ አምስት ነበረች። አምስት ረድፍ አስቀረሁ።

ይህን ስነግራት ሄለን ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «እማዬ! አምስተኛው ግራጫ ነው እኮ! መስከረም አንድም ግራጫ!»

አዎ ልጄ። አንቺ በአንድ ትንፋሽ ያየሽውን እኔ አላየሁትም። ረድፉን የመረጥኩት በተራ ቁጥሩ እንጂ በባለቤቱ አልነበረም።

የዚያን ዓመት ዝናብ ነሐሴ ላይ ከዳ። የታቾቹ ችግኛቸውን ከመደብ ወደ ማሳ አዛውረው ገና ሥር እየያዘላቸው ነበር። ጳጉሜ አምስት የላዮቹ አጠጡ። በማግስቱ፣ በእንቁጣጣሽ ቀን፣ የታቾቹ ተራችን ነው ብለው አካፋቸውን ይዘው ቦዩ ላይ መጡ። ኦቦ ቱፋ አዲሱን ወረቀት አሳያቸው፤ የመጀመሪያው ረድፍ ግራጫ ነው። «ትናንት የነሱ ነበር፤ እንዴት ዛሬም የነሱ ይሆናል?» አሉት። የላዮቹ ደግሞ «ወረቀቱን ጠይቁት» አሉ። ተማዘዙ። የአንድ ሰው እጅ ተሰበረ። አስተዳደሩ ነገሩ እስኪጣራ ብሎ ፓምፑን ቆለፈው። ኦቦ ቱፋ ታሰረ።

እኛ ይህን የሰማነው የግብርናው ሰውዬ ሌላ ሥራ ሊያሳትም ሲመጣ ነው። «ሚስቱ የላዮቹ ልጅ ናት፤ ውኃውን ለአማቾቹ አሳልፎ ሰጠ ነው የሚሉት። አሻጥር ነው ተብሏል» አለ። በዚያን ጊዜ አሻጥር የተባለበት ሰው መቼ ይመለሳል ተብሎ አይጠየቅም ነበር።

ካተምነው ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ሽቦ ላይ እንሰቅላለን። ሰውዬው ሲያወራ ዓይኔ ወደዚያ ሄደ። የጳጉሜዋ አጭር ገጽና የመስከረም ገጽ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ክው አልኩ። ሰውዬው ሻይ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ወጣ። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ለራሴ የማልለው ነገር አልነበረም። ምናልባት ሌላ ጥፋት ይኖርበት ይሆናል፤ ምናልባት ነገ ይፈቱታል፤ እኔ ብናገር እኔንም አሻጥረኛ ይሉኛል። እናቴን የምጦራት እኔ ብቻ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ዘርጋው ሽቦው ሥር ቆሜ አገኙኝ። ጥፍራቸውን ጳጉሜ ላይ አሳረፉ።

«ግራጫ። ነጭ። ግራጫ። ነጭ። ግራጫ።» ወደ መስከረም ተሻገሩ። «ግራጫ።»

እጃቸው እዚያው ቀረ።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ስህተቱ የሁለታችንም ነው» አሉ። «ጳጉሜስ ብዬ ጠይቄ መልስሽን ሳልቆጥር አልፌዋለሁ። ሁለቱ ቀን ግን ያንቺ ብቻ ነው፤ ሰውዬው እስር ቤት ተቀምጦ።»

አለቀስኩ። እሳቸው ማልቀሴን እንዳላየ ሆነው ቱታቸውን አወለቁ። «እኔ ሄጄ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። የኔ ዕድሜ ሄዷል፤ ምን ያደርጉኛል?»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። በመጨረሻ አልኩም። ግን አፌ ዘገየ። እሳቸው በሩን እስኪከፍቱ ድረስ ዘገየ። ያንን መዘግየቴን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ከዚያ ሁለቱን ገጾች ከሽቦው አውርጄ ተከተልኳቸው። አለቃው በረንዳ ላይ ሆኖ «ጓድ ስንዱ፣ ማተሚያ ቤቱን እንዳታሰድቢ!» እያለ ሲጮህ አውቶቡስ ልንሳፈር ወጣን።

በሞጆ አድርገን፣ ቆቃን አልፈን፣ ስሟን የማልጠራት አንዲት ትንሽ ከተማ ወረድን። መርማሪው ዓይኑ ቀይ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማንና «ወረቀት ነው ያደባደባቸው ነው የምትሉኝ?» አለ። ሁለቱን ገጾች ጠረጴዛው ላይ አያይዤ ዘረጋሁለት። አየውና «ግራጫ የላዮቹ ነው። መስከረም አንድ ግራጫ ነው። ታዲያ ምኑ ነው ስህተቱ?» አለ።

ጋሽ ዘርጋው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው።

«ጓድ፣ እርስዎ የታቾቹ ገበሬ ነዎት እንበል። ጳጉሜ አራት አጠጥተዋል። ጣትዎን እዚያ ላይ ያድርጉልኝ። አሁን ቀጣዩን ነጭ ይፈልጉልኝ።»

ጣቱ ከጳጉሜ አራት ተነሳ። ግራጫውን አለፈ። የወረቀቱን ጠርዝ ተሻገረ። ሌላ ግራጫ አገኘ፤ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሄደ። መስከረም ሁለት ላይ አረፈ።

«የዛሬ ዓመትስ ለምን አልተጣሉም?»

«የዛሬ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች፤ ስድስተኛዋ ነጭ ናት።»

እስክሪብቶውን አነሳ። «ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ጋሽ ዘርጋው ከጎኔ «እኔም አይቼ አሳልፌዋለሁ» አሉ። ቃላችንን ጻፈ፣ አስፈረመን። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም ነበር። ያደረጉኝ ከምስጉኖቹ ሰሌዳ ስሜን ማንሳትና ስድስት ወር ፊደል ማጠብ ላይ መመለስ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፤ በዚያ ዘመን ከዚህ የከፋ ብዙ ነገር ነበር። የታቾቹ ሽንኩርት ግን አልተረፈም። ስንመለስ ከአውቶቡሱ መስኮት አየሁት፤ ማሳው በሙሉ ገርጥቶ ተኝቷል። ዘሩ ለዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታደል ስለነበር ሌላ አላገኙም። ያን ወቅት እነዚያ ቤቶች በምን እንዳሳለፉት ጠይቄ የማወቅ ድፍረት አልነበረኝም።

ኦቦ ቱፋ የተፈታው እኛ እዚያው እያለን ከሰዓት በኋላ ነው። የጠበቅሁት ትልቅ ሰውዬ ነበር፤ የወጣው ግን ትንሽ፣ ጫማውን በእጁ የያዘ ሽማግሌ ነው። ቀድሞ ያየው የያዝኩትን ወረቀት ነው።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ቱፋ» አልኩት፤ የማውቀው የኦሮምኛ ሰላምታ ያንኑ ነው። ቀጥዬ በአማርኛ ጨረስኩት። «ይህን ወረቀት የሠራሁት እኔ ነኝ። የታሰሩት በኔ ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ ቢመታኝም እንኳ ልቀበለው ተዘጋጅቻለሁ።

«አይቼው ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ሁለቱን ግራጫ። ነጥቤን ጳጉሜ አምስት ላይ ሳደርግ አዲሱን ወረቀት ከሥሩ አስጠግቼ አየሁት። ነገ የታቾቹ መሆን ነበረበት ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱ ተሳስቷል አልኩ በልቤ። ኋላ ግን አንተ ቱፋ፣ ፊደል የማትቆጥር ሰውዬ፣ ናዝሬት ተምረው የሠሩትን ነገር አንተ ልታርም ነው እንዴ አልኩና ለላዮቹ ከፈትኩ።»

ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠና በሁለት እጁ እጄን ያዘ።

«ወረቀትሽን ተጠራጥሬዋለሁ» አለኝ። «አፉ በይኝ፣ ልጄ።»